የባዶ ሳጥኖቹ ነገር

ሐዋሳ ላይ የደም ግፊት ታካሚዎችን መረጃ ስሰበስብ፣ ብዙ የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳጥኖች ባዶ ሆነው አገኘሁ። መጀመሪያ ባዶ ያለባቸውን ታካሚዎች በሙሉ ከትንተናው አወጣኋቸው። ውጤቱ ግን አላማረኝም። ካርዶቹን መልሼ ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ። ምርመራው የቀረው በአብዛኛው ከሩቅ ገጠር ለሚመጡት ነው። አንዱ ካርድ ላይ «ብር አልያዘም» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። እነዚህን ሰዎች እንዴት እጥላለሁ? በአማካይ መሙላትም አያዋጣም፤ ልዩነቱን ያጠበዋል፣ የሌለ እርግጠኝነት ይሰጣል።

የገላገለኝ የስታቲስቲክስ ሊቁ ዶናልድ ሩቢን ያስተዋወቀው ብዜታዊ አሞላል (multiple imputation) ነው፤ የጎደለውን ከሌላው መረጃ ተነስቶ ደጋግሞ እየገመተ ብዙ የተሞሉ ቅጂዎች ያወጣል። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ ማይስ (mice) በሚባለው ፓኬጅ 20 የተሞሉ ቅጂዎች አወጣሁ። ለግምቱ ዕድሜን፣ ጾታንና የመኖሪያ ቦታን አስገባሁ። የጥናቱን ውጤት ራሱንም ጨመርኩ፤ እሱ ከተተወ በክሬቲኒንና በውጤቱ መካከል ያለው ዝምድና ይደበዝዛል። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጂ ለብቻው ተንትኜ ግኝቶቹን በሩቢን ቀመር አጣመርኩ። የገጠሮቹ ታካሚዎች አሁን ሠንጠረዡ ውስጥ አሉ።