በእጅ የሚገፋ የሣር ማጨጃ፦ ለጎንደር ግቢ አመራረጡና አያያዙ

ሞተር የሌለው፣ እየተገፋ የሚያጭደው ማሽን የሚሠራው እንደ መቀስ ነው። ጎማው ሲሽከረከር ጠመዝማዛ ስለቶች የተገጠሙበት ከበሮ አብሮ ይዞራል፤ ከሥሩ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ምላጭ አግድም ተኝቷል። ሣሩ በሁለቱ መካከል ገብቶ ይቆረጣል። ይህን ያወቀ ሰው ማሽኑን «ዶልዱሟል» ብሎ አይጥለውም፤ ብዙ ጊዜ ስለቱ ደህና ነው፣ ከበሮውና ምላጩ ግን ተራርቀዋል።

የቤንዚኑ ማሽን ፈጣን ቢሆንም ለመኖሪያ ግቢ ብዙም አይመከርም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ለአየሩ የሚመጥን ቤንዚን ሳይሆን የበዛ ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ የሞተሩም ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ክብደቱ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቀለል ይላል፤ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ይቆማል፣ ገመዱም ከስለቱ ሥር እንዳይገባ ሁልጊዜ መጠበቅ አለበት። ግቢው እስከ 200 ካሬ ሜትር ከሆነ የሚገፋው ይበቃል።

ሲገዙ በመጀመሪያ ስፋቱን ይዩ። ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚያጭድ፣ ከ7 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን ለአብዛኛው ግቢ ተስማሚ ነው። 40 እና ከዚያ በላይ የሆነው በሜዳ ላይ ያስደስታል፤ የጎንደር ግቢ ግን ተዳፋት ይበዛዋል፣ ዳገቱ ላይ ጉልበት ይጨርሳል። የስለቶቹ ቁጥር አምስት ቢሆን ይሻላል። ሰባት ስለት ያለው ሣሩን ይበልጥ ያሳምረዋል፣ ሲገፋ ግን ይከብዳል፤ ረዘም ያለ ሣርም አይወድም። የቁመት ማስተካከያው ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ መድረስ አለበት። ሰርዶ እስከ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ አይጎዳም፤ ሌላውን ሣር ግን እንዲህ ካወረዱት ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ገልብጠው ይመርምሩት። የከበሮውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፣ ኩሽኔታው ሳይቀየር ደግሞ የትኛውም ማስተካከያ አይጸናም። ዝገት ብቻውን አያስፈራም። የተጣመመ የታችኛው ምላጭ ካዩ ግን ይተዉት፤ ሌላ ምላጭ ማግኘት ከማሽኑ በላይ ያደክማል።

ዋናው ሥራ የሁለቱን ስለት ርቀት ማስተካከል ነው። በአብዛኛው ማሽን ላይ በታችኛው ምላጭ ሁለት ጫፍ ሁለት ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ምላጩን ወደ ከበሮው ያስጠጋል፣ ሌላው ያርቃል። አንዱን ሳያላሉ ሌላውን ማጥበቅ ምላጩን ያጎብጠዋል። ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ ከዚያም ብሎኑን በግራ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ፣ በቀኝም እንዲሁ እያሉ ያስጠጉ። በየመሐሉ ቁራጭ የጋዜጣ ወረቀት በምላጩና በከበሮው መካከል ያስገቡ፤ ከበሮውን ከስለቱ ጀርባ ይዘው በቀስታ ያዙሩት። ጣት ወደ መቁረጫው መስመር አይጠጋ፤ በእጅ የሚዞር ከበሮም ጣት ይቆርጣል። ወረቀቱ ከግራ እስከ ቀኝ አምስት ቦታ ላይ ጥርት ብሎ ከተቆረጠ ተስተካክሏል። በአንድ ጫፍ ብቻ ከታጠፈ ያንን ጫፍ ያስጠጉ። ሲዞር ለስለስ ያለ የመሳሳም ድምፅ ቢሰማ ደግ ነው፤ ብረት የሚፋጭ ከሆነና ከበሮው ከከበደ አጥብቀውታል፣ ስለቱ በከንቱ ያልቃል።

ተስተካክሎም ወረቀቱን የሚያኝክ ከሆነ ያኔ በእርግጥ ዶልዱሟል። መሳያው ሜካኒኮች የመኪና ቫልቭ የሚፈጩበት ቅባት ነው፤ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። አንዱን ጎማ ይፍቱ፣ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ጥርስ ጊርና በዘንጉ ስንጥቅ ውስጥ ያለችውን ብረት ያውጡ፤ የግራውና የቀኙ ስለማይለዋወጡ በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው። ቅባቱን በቡሩሽ ስለቶቹ ላይ ይቀቡ፣ ከዚያም ዘንጉን በእጀታ ወይም በዝግታ በሚዞር ድሪል ወደ ኋላ፣ ማለትም ከማጨጃው አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያዙሩት። ወደ ፊት ካዞሩት ስለቱን ያደነዝዘዋል እንጂ አይስለውም። ቅባቱን በነጭ ጋዝ አጥበው ይጨርሱ፤ የቀረው ቅንጣት ስለቱን ይበላዋል። ምላጩንም እንደገና በወረቀት ይፈትኑ። ሲገጥሙ ያቺ ብረት ተገልብጣ ከገባች ጎማው ይሽከረከራል፣ ከበሮው ግን አይዞርም። እዚያ ቦታ ወፍራም ግራሶ አይጨመርም፤ አቧራ ይሰበስብና ብረቷን ያጣብቃታል። ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል።

ከማጨድ በፊት ድንጋይ፣ ሽቦና ቆርኪ ይልቀሙ። በተለይ ከድግስ ማግስት የቆርኪ ነገር አይረሳ፤ አንዷ ቆርኪ የስለቱን ጫፍ ጎድታ በየዙሩ ያልተቆረጠ መስመር ታስቀራለች። ትንሹ ጉድለት በሞረድ ይስተካከላል፣ ትልቁ ግን ወደ ስለት መሳያ ቤት ያስኬዳል።

ክረምት ላይ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ በየአራትና አምስት ቀኑ ያጭዱ፤ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት አንድ ሦስተኛ በላይ አይቁረጡ። ጤዛው ሳይደርቅ ማጨድ ከበሮውን ያደፍናል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሣሩ ከ10 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ማሽኑ አጋድሞት ያልፋል። ያኔ በቅድሚያ በማጭድ አሳጥረው ማሽኑን በኋላ ይግፉ። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ሣርም በማጭድ ነው የሚያጭዱት፤ ማሽኑ ለጉዝጓዝ ሳይሆን ለብስባሽ የሚሆን ያደርገዋል። ተዳፋት ላይ ደግሞ አግድም ይግፉ፤ ወደ ታች ሲገፋ ይነጥቃል።

ሲጨርሱ ሣሩን በቡሩሽ ያራግፉ፤ በውኃ አይጠቡት። ደረቅ ጨርቅ በዘይት አርሰው ስለቶቹን ያብሱ። ጥቅምት ሲያልቅ የሣሩ እድገት ስለሚቀንስ ስለት መሳያውም ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ እርጥበት በሌለበት ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ይስቀሉት። መሬት ላይ ከቆመ የታችኛው ምላጭ እርጥበት ይስብና ከሁሉ በፊት ይዝጋል።