ጂፒኤሷ ትናገራለች፣ ታብሌቱ አይሰማም፦ ርካሽ መቀበያ ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያዋን ብሉቱዝ ጂፒኤሴን፣ ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት አውቃ ለስልክ ወይም ለታብሌት በብሉቱዝ የምትልከውን ትንሽ መቀበያ፣ ያመጣልኝ ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው። ጣና ዳር አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከአይፓዴ ጋር ላገናኛት ስታገል ዋልኩ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሳተላይት ይዛለች። አይፓዱ ግን ጭራሽ አያያትም። ለካ ዕቃዋ ደህና ናት፤ ሳልጠይቅ ያስመጣሁት እኔ ነኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከመሣሪያው ጋር መግባባቷን ሳያጣራ ይገዛል። አብዛኞቹ ርካሽ መቀበያዎች የሚጠቀሙት ድሮ በገመድ ይላክ የነበረውን መረጃ በብሉቱዝ የሚያስተላልፍ መንገድ ነው። አይፓድና አይፎን ይህን አይቀበሉም። ለአፕል ምርቶች ተብሎ የተፈቀደ መቀበያ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ወደድ ይላል። አንድሮይድ ይቀበላል፣ ግን እሱም ትንሽ ሥራ አለው። መጀመሪያ መረጃውን የሚያሻግር አፕ ትጭናላችሁ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኩት የዴቨሎፐር ማውጫ ይከፈታል። እዚያ ገብታችሁ አፑን «ሞክ ሎኬሽን» በሚለው ላይ ትመርጣላችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው ብሉቱዙ ተገናኝቶም ካርታው ላይ ምንም ሳያይ ይቀራል።

ከዚያ በፊት ግን፣ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል ወይ? ስልካችሁ የራሱ ጂፒኤስ አለው። ሰማዩ ገላጣ ከሆነ 5 ሜትር ገደማ በሆነ ስህተት ቦታችሁን ይነግራችኋል። ርካሽ መቀበያ ከዚህ ብዙም አይሻልም። በጀልባ ደቅ ደሴት ደርሶ ለመመለስ ብላችሁ ብር አታውጡ። የሚጠቅማችሁ ታብሌታችሁ ጂፒኤስ ከሌለው ነው። ዋይፋይ ብቻ ያለው፣ ሲም የማይወስድ አይፓድ ለምሳሌ የለውም።

ካርቶኑ ላይ በተጻፈ ቁጥር መማረክም አለ። 66 ቻናል፣ 99 ቻናል ይላል፤ ቻናል ማለት በአንድ ጊዜ የምትከታተለው የሳተላይት ምልክት ብዛት ነው። ከአንድ ቦታ ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚታየው የጂፒኤስ ሳተላይት ግን አሥር ገደማ ነው። «ዋስ» እና «ኤግኖስ» የሚባሉት የጂፒኤስ ስህተት ማረሚያዎችም የተሠሩት ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ለነሱ ብሎ ተጨማሪ መክፈል ኪሳራ ነው። እኔ ብር የምጨምረው የሩሲያን ግሎናስ፣ የአውሮፓን ጋሊሊዮና የቻይናን ቤይዱ ሳተላይቶች አብሮ ለሚይዝ ነው። ዘጌ ቡናው ጥላ ውስጥ፣ ዛፉ ሰማዩን ሲሸፍን፣ ልዩነቱ ይታያል።

«አይሠራም» ብሎ ቶሎ መመለስስ? ስልክ ሳተላይት ፍለጋውን በኔት ያፋጥናል። መቀበያዋ ኔት የላትም፣ አያስፈልጋትምም፤ መረጃውን ከሰማይ ራሷ ታወርዳለች። ከሌላ አገር የመጣች ወይም ከርማ የተከፈተች ከሆነ ደቂቃዎች ትወስዳለች። የሁሉም ሳተላይቶች ሙሉ መዝገብ ተላልፎ እስኪያልቅ ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ቤት ውስጥ ወይም ባጃጅ ላይ ሆናችሁ አትሞክሯት። ገላጣ ቦታ አስቀምጧትና ቡናችሁን ጠጡ።

ያገለገለ ስትገዙ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቀን ተመልከቱ። ጂፒኤስ ሳምንት እየቆጠረ 1024 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ አሮጌ መቀበያዎች ከዚያ ወዲህ ቀኑን 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ያሳያሉ። ቦታው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የምትመዘግቡት ጉዞ ቀን ግን ገደል ገባ። ባትሪውንም እዩት። አንዳንዶቹ የኖኪያ ቢኤል-5ሲን ይወስዳሉ፣ ያቺን በትንንሽ ሬዲዮ ውስጥ የምትገባዋን። እሷ ከሆነች ተገላገላችሁ፣ ሱቅ ሁሉ አለች። የታሸገ ባትሪ ከሆነ ግን እሱ ሲሞት ዕቃውም አብሮ ይሞታል።

አንድ የቀረ አለ። የቆየ የ1፡50,000 ካርታ ላይ ነጥባችሁን ስታስቀምጡ ከ100 ሜትር በላይ ቢዛነፍ መቀበያዋን አትርገሟት። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ፣ ማለትም ቦታዎች በሚለኩበት መሠረት፣ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። አፑ ወይም መቀበያዋ ላይ መነሻውን ከካርታው ጋር ማስማማት ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ቀን የሐይቁን ዳር ይዤ በእግሬ እየሄድኩ፣ ካርታው ላይ ጣና ውስጥ ስዋኝ ዋልኩ።