የቆየ ኮሮላ ታይሚንግ፦ ቺንጋ ከሆነ ምን፣ ቼን ከሆነ ምን

ከደጀን ተነስቶ የአባይን በረሃ የሚወርድ ሰው ፍሬንና ጎማ ያያል፤ ታይሚንግ፣ ማለትም ካምን (የቫልቮቹን ዘንግ) ከክራንክ (የፒስቶኖቹ ዘንግ) ጋር አገጣጥሞ የሚያዞረው የላስቲክ ቺንጋ ወይም የብረት ቼን፣ ግን ትዝ አይለውም። ቁልቁለቱ ላይ ቺንጋ ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል፣ የፍሬን ፔዳሉም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል።

መጀመሪያ ሞተሩን ይለዩ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች ላይ ያሉት 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ባለ ቺንጋ ናቸው። ከ2000 ወዲህ የመጡት 1ዜድዜድ እና 1ኤንዜድ ባለ ቼን ናቸው። በ4ኤ እና በ5ኤ ቺንጋ ቢበጠስ ፒስቶን ቫልቭ አይነካም፤ መኪናው ተጎትቶ አዲስ ቺንጋ ሲገባለት ይነሳል። በናፍጣው ሞተር 2ሲ ግን ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል።

ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። መኪናው ብዙ ባይነዳም ላስቲክ ያረጃልና ስድስት ዓመት ካለፈው አይመኑት። ያገለገለ ገዝተው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ከሌለ ዛሬውኑ ይቀይሩ፤ ላዩ ደህና መምሰሉ ማስረጃ አይሆንም። ዘይት የነካው ቺንጋ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ባይደርስም ይጣላል። ዘይቱ የሚመጣው ከካም ወይም ከክራንክ ፓራውሊዮ (ዘይት የሚይዘው ጎማ) ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። ወጣሪው፣ ማለትም ቺንጋውን የሚወጥረው ኩሽኔታ፣ በእጅ ሲሽከረከር ከጮኸ ወይም ከተንገዳገደ እሱም ይገዛ። «የውሃ ፖምፓም ይቀየር» የሚል መካኒክ አይጠፋም፤ በ4ኤ ላይ ፖምፓውን የሚያዞረው የውጪው ቺንጋ ስለሆነ ካላፈሰሰ ይተውት።

ሥራው እንዲህ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ፤ ካንዴላዎቹን ያውጡ፣ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ሞተሩን ከታች እንጨት አድርገው በክሪክ ይደግፉና የቀኙን ሳፖርቶ (የሞተር መያዣ) ይፍቱ። ክራንኩን በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ የፑሊውን ጭረት ክዳኑ ላይ ካለው 0 ጋር ያገናኙ። የካም ፑሊው ቀዳዳ ከኋላው ካለው የቤሪንግ ኮፍያ ምልክት ጋር ካልገጠመ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። ከዚያ የክራንኩን ፑሊና ክዳኖቹን ያውጡ፣ ወጣሪውን ፈትተው ወደ ጎን ገፍተው ቡሎኑን ለጊዜው ያጥብቁ፣ አሮጌውን ቺንጋ ያውልቁ።

አዲሱን አይጠምዝዙት፣ ቤንዚንም ቅባትም አይንካው። ከክራንኩ ማርሽ ጀምረው ወጣሪው በሌለበት በኩል ወጥረው ወደ ካሙ ያውጡት። ወጣሪውን ሲለቁት ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረዋል። አሁን ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩና ምልክቶቹን እንደገና ይዩ። በእጅ ሳያዞሩ በሞተር ማስነሻ መሞከር የብዙ ጋራዦች ችግር ነው። ልክ ከሆነ የወጣሪውን ቡሎን በ37 ኒውተን ሜትር፣ የክራንኩን ፑሊ ቡሎን በ118 ያጥብቁ። ቺንጋው በ2 ኪሎ ግፊት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። አንድ ጥርስ ከዘለለ መኪናው ይነሳል፣ ግን ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ከአባይ ድልድይ ወደ ላይም ይደክማል።

ቼን ደግሞ የኪሎ ሜትር ገደብ የለውም፤ የሚያኖረው ዘይት ነው። ወጣሪው በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ዘይቱ ሲጎድል ወይም ሲቆሽሽ ቼኑ ይረግባል። ቀደምቶቹ 1ዜድዜድ ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር ይይዛሉ፣ የኋለኞቹ ከዚያ ይበልጣል፤ በአቧራማ መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። በእንጅባራ ብርድ ጠዋት ሲነሳ ለአፍታ ቢንኳኳ መጀመሪያ የዘይት ደረጃውን ይዩ። ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ወይም ኮምፒውተሩ ፒ0016 (ካምና ክራንክ አልተገጣጠሙም የሚል የስህተት ኮድ) ካወጣ ቼኑ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ከተረጋገጠ ቼን፣ መምሪያዎቹና ወጣሪው አንድ ላይ ይቀየራሉ።

በ1ዜድዜድ ወጣሪው ከውጪ በሁለት ዳዶ የታሰረ ስለሆነ ክዳን ሳይከፈት ይቀየራል፤ ዳዶዎቹ 9 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። ወጣሪው ወጥቶ ሳለ ክራንኩ አይነካ፣ ቼኑ ጥርስ ይዘላል። የወጣሪውን ዘንግ ገፍተው በመንጠቆው ይያዙት፣ ወጣሪውን ቦታው ላይ ይግጠሙት፣ ከዚያ ክራንኩን ትንሽ ወደ ግራ ሲያዞሩት መንጠቆው ይለቃል፤ ወደ ቀኝ መልሰው ዘንጉ ቼኑን መግፋቱን ሳያረጋግጡ ሞተር አይነሳ።