«ኦሪጅናሉ እንግሊዝኛ» እያልን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፣ የግራመር ስህተት አሁን አሁን አያናድደኝም፣ እኔም እሳሳታለሁ። የሚያናድደኝ ስለ ቋንቋው ታሪክ አፍ ሞልቶ የሚወራው ነገር ነው፣ ተማሪውም አስተማሪውም እኩል ይስቱታል። እስቲ አንድ በአንድ ልያዛቸው፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፣ «እንግሊዝኛ ከላቲን ነው የመጣው» ማለት። ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የወሰደው ቃል መዓት ስለሆነ ነው እንጂ ዘሩ ከነጀርመንኛ ወገን ነው፣ አንግሎችና ሳክሶኖች በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከዛሬዎቹ ሰሜን ጀርመንና ዴንማርክ አካባቢ ባህር ተሻግረው ይዘውት ገቡ። ሃውስ፣ ሃንድ፣ ማዘር የነሱ ናቸው። ፈረንሳይኛው በብዛት የገባው በፈረንሳይ የኖርማንዲው ገዥ ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ ነው፣ ለዚህ ነው ከብቱ በረት ውስጥ ካው፣ ሳህን ላይ ቢፍ የሚሆነው፣ በጉም ሺፕ ሆኖ ይታረድና መተን ሆኖ ይበላል። አርቢው ሳክሶን፣ በላተኛው ኖርማን ስለነበረ ነው ይባላል፣ ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን ነገሩ እንዲህ ጥርት ያለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፣ ድሮ ቢፍ ለቁም ከብቱም ይባል ነበር። ደሞ ቃል መዋስ ሀፍረት የሚመስለው ካለ፣ እንግሊዝኛ «እነሱ» የሚለውን ዘይ እንኳን የተዋሰው ከቫይኪንጎች ነው።

ሁለተኛ፣ ሼክስፒርን «ኦልድ ኢንግሊሽ» ማለት። ሰውዬው የሞተው በ1616 ነው፣ የሱ ቋንቋ የዘመናዊው እንግሊዝኛ መጀመሪያ ላይ ነው የሚመደበው። ኦልድ ኢንግሊሽ ማለት ቤዎልፍ የሚባለው ጥንታዊ ግጥም የተጻፈበት ነው፣ እሱን የዛሬ እንግሊዛዊ ካልተማረው በቀር አያነበውም፣ ግዕዝ ያልተማረ አማርኛ ተናጋሪ ቅዳሴ ሲሰማ እንደሚሆነው በሉት። (አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው አይደለም የሚለውን ጭቅጭቅ ለሌላ ቀን።)

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ «ዛው» የሚለው ቃል። በ1611 በወጣው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር ዛው ስለሚባል ሰው ሁሉ የክብር አጠራር ይመስለዋል። አንድ ተማሪዬ የሥራ ማመልከቻ ላይ ሥራ አስኪያጁን ለማክበር ብሎ ከላይ እስከ ታች ዛው እያለ ጽፎ አመጣልኝ፣ ሰውየውን «አንተ» እያለው መሆኑን ስነግረው ወረቀቱን ነጠቀኝ። ዛው ማለት አንተና አንቺ ነው፣ ዩ ደግሞ መጀመሪያ እናንተ ነበር፣ በኋላ ለትልቅ ሰው እርስዎ ሆኖ አገለገለ። ጌታ አሽከሩን ዛው ይላል፣ አሽከር ጌታውን ዩ። በ1600ዎቹ ኩዌከሮች የሚባሉት አማኞች «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብለው ባለሥልጣኑንም ዛው ማለት ጀመሩ፣ በዚህም ስንት ጣጣ አተረፉ። እግዚአብሔርን ዛው ማለታቸውም እንደኛ ጸሎት ነው፣ «አባታችን ሆይ» ብለን «ስምህ ይቀደስ» እንላለን እንጂ «ስምዎ» አንልም። ቀስ በቀስ ዩ ሁሉንም ጠቀለለው፣ ስለዚህ በታሪኩ ከሄድን ዛሬ ፈረንጅ ሁሉንም አንቱ ነው የሚለው፣ ውሻውን ጨምሮ።

ሌላው፣ «ኦሪጅናሉ የእንግሊዞቹ ነው፣ አሜሪካኖች አበላሹት»። በሼክስፒር ጊዜ ለንደን ውስጥ ፋዘር ከነ«ር»ው ነበር የሚባለው፣ ደቡብ እንግሊዝ «ር»ዋን ከቃል መጨረሻ መዋጥን ያስለመደው በዋናነት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አብዛኛው አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ ይዟታል፣ ስኮቶችና አየርላንዶችም እንደዛው። ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ፎል ማለትም፣ በጎት ፈንታ ጎተን ማለትም ከእንግሊዝ የሄደ ነው። ሶከር የምትለዋ እንኳ፣ ኳስ ወዳጁ ሁሉ አሜሪካንን የሚሰድብባት፣ የእንግሊዝ ተማሪዎች አሶሲዬሽን ከሚለው ቆርጠው የፈጠሯት ናት። እርግጥ ካለር (ቀለም) ሲጻፍ ዩ ፊደልን መጣልን ያስለመደው አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር ነው፣ በ1828 ባወጣው ዲክሽነሪ ሳይቀር፣ እሱን ለነሱ እንስጣቸው።

ስፔሊንግን «አነባበቡ ይነግርሃል» ብሎ ማስተማርም ስህተት ነው። እንግሊዛዊው አታሚ ካክስተን ማተሚያውን በ1476 ሲተክል አጻጻፉ ቀስ እያለ ረጋ፣ አነባበቡ ግን መንገዱን ቀጠለ፣ ናይት (ሌሊቱ ሳይሆን ፈረሰኛው ወታደር) መጀመሪያው ላይ ያለችው ኬ ድሮ በደንብ ትነበብ ነበር።

አገር ሳይለዩ ቃል መጠቀም ደግሞ ያደክማል። እኛ ጋ ግራውንድ አለ፣ ከዛ ነው አንደኛ ፎቅ የሚመጣው፣ እንደ እንግሊዞቹ። አሜሪካ የሄደ ያክስቴ ልጅ ኢንተርቪው ፈርስት ፍሎር ሲባል ደረጃ ወጥቶ በየበሩ ሲያንኳኳ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ መግቢያው በር አጠገብ ነበር ቢሮው። አሜሪካ ሱሪ የሆነው ፓንትስም እንግሊዝ ውስጥ ሙታንታ ነው፣ ተጠንቀቁ።

የመጨረሻው፣ የህንድ እንግሊዝኛን «ስብርባሪ» ማለት። ወላጆቻችንን ካስተማሩት ብዙዎቹ ህንዶች ነበሩ፣ ከ1962 ጀምሮ ደሞ የአሜሪካ ፒስ ኮር መምህራን ተጨመሩ፣ የኛ እንግሊዝኛ የማን ነው ታዲያ? ህንዶች ፕሪፖን የሚል ቃል አላቸው፣ የፖስትፖን ተቃራኒ፣ ቀጠሮን ከተያዘለት ቀን ማስቀደም ማለት። ለንደን ይህን በአንድ ቃል የሚል አላገኘሁም፣ እኔ ፈተና ቀደም ሳደርግ ቦርድ ላይ ፕሪፖን ብዬ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼ የሚያጉረመርሙት በቃሉ ሳይሆን በፈተናው ነው።