ከአሮጌ ባሌስትራ የእንጨት መሮ እንዴት ይሠራል? ብረትን የማለስለስ፣ የማጠንከርና የማርገብ ሥራ

ከአንድ የመኪና ባሌስትራ ሦስት ቁራጭ ይቁረጡ። ሦስቱንም በአንድ ፍም ላይ እኩል አግለው አንዱን አመድ ውስጥ ይቅበሩት፣ ሁለተኛውን መሬት ላይ ይተዉት፣ ሦስተኛውን ዘይት ውስጥ ይንከሩት። ሲቀዘቅዙ በሞረድ ይሞክሯቸው። አመድ ውስጥ ያደረውን ሞረዱ እንደ ልቡ ይበላዋል። አየር ላይ የቀዘቀዘው ይታገላል፣ ግን ይሞረዳል። ዘይት የገባውን ሞረዱ መስታወት ላይ እንደሄደ ያንሸራትተዋል፤ ሞርሳ ላይ አስሮ በመዶሻ ቢመቱት ደግሞ ሳይጎብጥ ለሁለት ይሰበራል። የሦስቱም ክብደትና ይዘት አንድ ነው፤ የተለያየው የቀዘቀዙበት ፍጥነት ብቻ ነው።

ስለ ብረት ሥራ ለሚጠይቁኝ ሁሉ ከዚህ ሙከራ እንዲጀምሩ የምመክረው ለዚህ ነው። አንድ ብረት ምን እንደሚችል የሚወስነው ውስጡ ያለው ነገር ብቻ አይደለም፤ እሳትና ማቀዝቀዣ ያደረጉበትም ነው። ከዚህ በታች ያንኑ እውቀት ተጠቅመን አንድ የአናጢ መሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን።

መጀመሪያ ሦስት ባሕርያትን እንለይ

በዕለት ንግግራችን "ጠንካራ ብረት" ስንል ብዙ ነገር አንድ ላይ እንጨፈልቃለን። ለመሮ ሥራ ግን መለየት ግድ ነው። ጠጣርነት ማለት መፋቅንና መበሳትን መቋቋም ነው፤ ስለት ቶሎ እንዳይደንዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ምት ቻይነት ሲመታ ሳይሰበር ኃይሉን መሸከም ነው። ግትርነት ደግሞ ሲጫኑት አለመለመጥ ነው።

ጠጣርነትና ምት ቻይነት ብዙ ጊዜ ይጣላሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ግትርነት ግን ከሁለቱም ነፃ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ለስላሳውም ሆነ እንደ መስታወት የጠጠረው ብረት ትንሽ ሲጫኑት እኩል ይለመጣል። ልዩነቱ የሚታየው ጭነቱ ሲበዛ ነው፤ ለስላሳው ጎብጦ ይቀራል፣ ያልረገበው፣ ማለትም ከጠነከረ በኋላ በመጠኑ ሞቆ ውጥረቱ ያልቀነሰው ጠጣር ይሰበራል፣ በልክ የረገበው ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ መሮዎ ቀጭን ሆኖ የሚለመጥ ከሆነ በእሳት አያድኑትም፤ ወፈር አድርጎ መሥራት ብቻ ነው መፍትሔው።

ብረቱን መምረጥ

የቤት ግንባታ ፌሮ ለመሮ አይሆንም። በውስጡ ያለው ካርቦን ከመቶ 0.2 ወይም 0.3 ገደማ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢነከር ስለት የሚይዝ ጠጣርነት አያገኝም። ባሌስትራ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ እንደ አሠራሩ ክሮሚየም ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ጋራዥ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቁራጩን ማግኘት ይቻላል።

አሮጌ ባሌስትራ አንድ አደጋ አለው። ለዓመታት ሲለመጥ ስለኖረ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። የተሰበረ ባሌስትራ ሲገዙ ከስብራቱ ራቅ ያለውን፣ መሀሉ ላይ ካለው ቀዳዳም የማይነካውን ክፍል ይውሰዱ። ምንነቱን ለማረጋገጥ የጣት ያህል ቁራጭ አግለው ዘይት ውስጥ ይንከሩና በሞረድ ይሞክሩ፤ ሞረዱ ካልያዘው ለሥራችን ይሆናል። ግራይንደር ላይ የሚረጨው ብልጭታም ይናገራል፦ ለስላሳ ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ ጭረት ይሰጣል፣ ካርቦን የበዛበት ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የሚፈነዳ።

ዚንክ የተቀባ ብረት ግን እሳት ውስጥ በፍጹም አይክተቱ። ጢሱ ያሳምማል።

ማለስለስ

ባሌስትራው እንዳለ ለመሞረድ አስቸጋሪ ነው። ከሰል አቀጣጥለው በወናፍ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አየር እየሰጡ፣ ብረቱ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ድረስና ከዚያም ትንሽ አለፍ አድርገው ያግሉት። ከዚያ በደረቅ አመድ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ቅብር ያድርጉትና እስከ ነገ አይንኩት። ቸኩሎ ማውጣት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ ይሥሩ፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። የዓይን መነጽር፣ የጥጥ ልብስና የቆዳ ጫማ ያስፈልጋል፤ ናይሎን ሲቃጠል ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

መቅረጽ

የባሌስትራው ጉብጠት በሙቀት ይስተካከላል። ብርቱካንማ እስኪሆን አግለው መስፍ ላይ በመዶሻ ያቅኑት፤ ቅላቱ ሊጠፋ ሲል መምታት አቁመው መልሰው ያግሉት። በቀዘቀዘ ብረት ላይ መደብደብ ስንጥቅ ይወልዳል።

ለመነሻ 25 ሳንቲሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲሜትር ስፋት ይበቃል። ጫፉን በሞረድ ወደ 25 ዲግሪ አዘንብለው ያውርዱት፣ ነገር ግን እስከ ስለት አያድርሱት። 1.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይተዉ፤ የሳሳ ጠርዝ ሲነከር ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። እጀታ የሚገባበትን ጭራ ሲያቀጥኑ ከሰፊው አካል ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይሁን፤ በክብ ሞረድ ጎድጎድ ያድርጉት። ብረት የሚሰበረው ኃይል በሚከማችበት ጥግ ነው። ከሞረድ የቀሩትን ጥልቅ ጭረቶችም በብርጭቆ ወረቀት ያጥፉ፤ በተለይ ስፋቱን አቋርጠው የሚያልፉትን።

መዶሻው የብረቱን ውስጣዊ ቅንጣት አዛብቶታል፣ ሙቀቱም አሳድጎታል። ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ማግኔት እስኪለቀው ድረስ አግለው በየጊዜው ጥላ ሥር አየር ላይ ያቀዝቅዙት። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ አልዘልም፤ ቅንጣቱ ያደገ ብረት ሲሰበር ስብራቱ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ሻካራ ነው፣ ምትም አይችልም።

ማጠንከር

እዚህ ላይ ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ እጅን ያረጋጋል። ብረት ሲቀዘቅዝ አተሞቹ የሚደረደሩበት አኳኋን ካርቦንን እምብዛም አያስገባም። ከ727 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሲግል ግን ድርድሩ መለወጥ ይጀምርና ካርቦኑ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ወጥቶ ለብቻው የሚደረደርበት ጊዜ ያገኛል፤ ብረቱም ይለሰልሳል። ድንገት ሲቀዘቅዝ ግን ካርቦኑ መውጫ ያጣና በአተሞቹ መካከል ይታሰራል። ድርድሩ ተወጥሮ፣ ተጣሞ ይቀራል፤ ጠጣርነቱ የሚመጣው ከዚህ ውጥረት ነው። ይህ የታሰረ ቅርጽ በጀርመናዊው የብረት ተመራማሪ በአዶልፍ ማርተንስ ስም ማርተንሳይት ይባላል።

አራት ሊትር ያህል ፈሳሽ የምግብ ዘይት ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያዘጋጁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ነው፣ ግን ጢሱ መርዛማ ስለሆነ አልመክረውም። ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ያሙቁት። ሙቅ ዘይት ከቀዝቃዛው ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ብረቱ ዙሪያ ቶሎ ይዘዋወራል፣ የተሻለም ያቀዘቅዛል። አጠገብዎ ደረቅ አሸዋ ይኑር፤ የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ አይፈሰስም።

ሥራውን አመሻሽ ላይ ወይም ጥላ ውስጥ ያድርጉት፤ የፀሐይ ብርሃን የብረትን ቀለም ያሳስታል። ከጫፉ 6 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ እኩል እንዲግል በፍሙ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ያድርጉት። በየጥቂቱ እያወጡ በማግኔት ይንኩት። ብረት ስበቱን የሚያጣው ወደ 770 ዲግሪ ላይ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ለባሌስትራ ከ830 እስከ 850 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ማግኔቱ ከለቀቀው በኋላ ቅላቱ ጥቂት እስኪደምቅ ድረስ ይታገሱ፣ ግን ወደ ብርቱካንማ ቢጫ አያሳልፉት።

ከዚያ ሳያመነቱ በጉጠት ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይንከሩት። ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፤ ወደ ጎን ካወዛወዙት አንዱ ገጽ ቀድሞ ቀዝቅዞ ይጣመማል። ውሃ አይጠቀሙ። ውሃ ለዚህ ዓይነት ብረት ከልክ በላይ ፈጣን ነው፤ "ጭጥ" የሚል ድምፅ ከሰሙ ብረቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ መዳኛም የለውም። በእጅ ሊይዙት ሲችሉ አውጥተው ጫፉን በሞረድ ይሞክሩ። ከተንሸራተተ ተሳክቷል፤ ከያዘው ሙቀቱ አልበቃውም ነበርና ይድገሙት።

ማርገብ

የመጀመሪያ መሮዬን የሰበርኩት ይህን ደረጃ ለነገ ብዬ ነው። ሞረዱ ሲንሸራተት አይቼ ደስ አለኝ፣ ስዬው ግራር ላይ ሞከርኩት። በሦስተኛው ምት ጫፉ ተቆርሶ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። የተነከረ ብረት በውጥረት የታጀለ ነው፤ በተነከረበት ሰዓት ውስጥ ውጥረቱን ማርገብ ያስፈልጋል። ሲረግብ ከታሰረው ካርቦን ጥቂቱ ይወጣል፤ ትንሽ ጠጣርነት ሰጥተን ብዙ ምት ቻይነት እንገዛለን።

ዘይቱን ጠርገው አንዱን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ያጽዱት። የኤሌክትሪክ ኦቨን ካለዎት ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፣ ያቀዝቅዙት፣ እንደገና ለአንድ ሰዓት ይድገሙት። ከሌለዎት ቀለሙን ይከተሉ። የጭራውን በኩል ፍም ላይ ይያዙት፤ ሙቀቱ ወደ ጫፉ ሲጓዝ በጸዳው ገጽ ላይ ቀለማት ተከታትለው ይሮጣሉ። መጀመሪያ የደረቀ ገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። የገለባው ቀለም ስለቱ ጋ እንደደረሰ ጫፉን ውሃ ውስጥ ይንከሩት። እዚህ ላይ ውሃ አይጎዳውም፣ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነውና። ብረት ለመቁረጥ የሚሆን መሮ ቢሆን ኖሮ ሐምራዊው ወይም ሰማያዊው እስኪመጣ፣ ማለትም ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ድረስ እንጠብቅ ነበር፤ እሱ ከስለት ይልቅ ምት መቻል ይፈልጋል።

ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለ እጆቻችን ይህን ቀለም ያለ ቴርሞሜትር በዓይናቸው ብቻ ያነቡታል። ገበሬው ያለ እነሱ ማረስ የማይችል ሆኖ ሳለ እነሱኑ "ቡዳ" እያለ ያገለለ ማኅበረሰብ ትልቅ እውቀት ገፍቷል፤ ዛሬ አንድ አዛውንት ባለ እጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከሰዓት ማሳለፍ የሚችል ሰው ይህን ዕድል እንዳያሳልፍ እለምናለሁ።

መሳልና መሞከር

የተውነውን 1.5 ሚሊሜትር አሁን ማውረድ ነው። በግራይንደር ከሆነ ለአፍታ ብቻ እያስነኩ በየጊዜው ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ እዚያ ቦታ ጠጣርነቱ ሄዷል፤ ያንን ክፍል ቀዝቀዝ አድርጎ ሞርዶ ከማስወገድ ሌላ መንገድ የለም። የመጨረሻውን ስለት በእርጥብ የመሳያ ድንጋይ ያውጡ።

እጀታውን አግብተው መጀመሪያ ዋንዛ፣ ቀጥሎ ወይራ ላይ ይሞክሩት። ሃያ ምት ከመቱ በኋላ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ጠርዙ የተሸራረፈ ከሆነ አልረገበም፤ 15 ዲግሪ ጨምረው ኦቨን ውስጥ ይመልሱትና ይሳሉት። ወደ አንድ ጎን የታጠፈ ከሆነ ወይ ከልክ በላይ ረግቧል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልጠነከረም፤ ከማጠንከሩ ይጀምሩ። ምንም ካልታየበት ቀጭን ዘይት ቀብተው ወደ መሣሪያ ሳጥንዎ ያስገቡት።