የሌላ መኪና ቸርኬ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሲታሰር፦ ችግርና መፍትሄ

ስድስቱ ቀዳዳ ስድስቱን ብሎን ስለተቀበለ ብቻ ቸርኬው ልክ ነው ብላችሁ እንዳትነዱ። ከታች ያለውን ምልክት አይታችሁ ወደ ምክንያቱ ሂዱ።

ይገባል፣ ግን ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ሙሉ በሙሉ አይተኛም

መጀመሪያ ብሎኖቹ የተደረደሩበትን ክብ ለኩ። ሃይሉክስ፣ ፓትሮልና ኤል 200 ባለ 6 ብሎኖቹ 139.7 ሚሜ ናቸው። ከ2004 ሞዴል ወዲህ ያለው ፎርድ ኤፍ 150 ግን 135 ነው፤ ልዩነቱ በዓይን አይያዝም። ባለ 6 ከሆነ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ መሃል ይለካል። ባለ 5 ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቀዳዳዎች ስለሌሉ፣ የሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎችን ርቀት ከመሃል መሃል ለክታችሁ በ1.7 አባዙት። የቸርኬውና የመኪናው ልኬት ካልተገናኘ በዳዶ እየጎተቱ ማስገባት የለም፤ ብሎኑ ተጣሞ ይታሰርና መንገድ ላይ ይበጠሳል።

ክቡ ልክ ከሆነ ችግሩ የመሃል ቀዳዳው ነው። የድሮ ሃይሉክስ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል 106 ሚሜ አካባቢ ይፈልጋል፣ የኤል 200 ቸርኬ ደግሞ 67.1 ነው። ሞዞው አያልፍም። ሌላ ቸርኬ ፈልጉ።

ከ80 በላይ ሲነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ቢደረግም አልተወም

ብዙ ሰው ጎማ እየቀያየረ ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። የመሃል ቀዳዳው ከሞዞው ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የሼቭሮሌ ባለ 6 ቸርኬ 78.1 ስለሆነ ኤል 200 ላይ ዙሪያውን ከ5 ሚሜ በላይ ክፍተት ይተዋል። ያኔ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያቆመው ዳዶው ብቻ ነው። አንዱን ዳዶ ቀድማችሁ ካጠበቃችሁት ቸርኬው ወደዚያ ጎን ይሄዳል፣ እዚያው ይቀራል።

ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ አንድ እርሳስ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ሳይነቃነቅ ያዙና ጎማውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩ። ክፍተቱ አንዴ እየጠበበ አንዴ እየሰፋ ከሄደ አልተማከለም፣ ወይ ቸርኬው ራሱ ጠማማ ነው። ካልተማከለ መፍትሄው በሞዞውና በቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ልክ ተሠርቶ በመሃላቸው የሚገባ ቀለበት ነው። የሞዞውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ቀለበቱን አስገቡ፣ ጎማው አየር ላይ እያለ ሁሉንም ዳዶ በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ ፊት ለፊት እያቀያየራችሁ አጥብቁ።

ዳዶ እየላላ ያስቸግራል

ይሄን አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት፤ ጎማ ወልቆ ሰው ይገድላል። ዳዶውን ፍቱና የቀዳዳውን አፍ እዩ። ብዙ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ጠፍጣፋ መቀመጫ ስላላቸው ባለ ሮንዴላ ዳዶ ነው የሚፈልጉት። ሾጣጣ ዳዶ ከታሰረበት የሚነካው ጠርዙን ብቻ ነው፤ አንዲት ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ታያላችሁ። ዳዶው በቸርኬው መቀመጫ ይመረጣል፣ ጥርሱ ግን በመኪናው ብሎን። ቶዮታ 12 በ1.5 ነው፣ ኒሳን 12 በ1.25፤ 12 የብሎኑ ውፍረት፣ ሁለተኛው ቁጥር የጥርሶቹ ርቀት ነው፣ ሁለቱም በሚሜ። የአንዱ ዳዶ የሌላው ብሎን ላይ ትንሽ ይሄድና ይነክሳል፤ ሰው ጠበቀ ብሎ ይተወዋል። በእጅ እያዞራችሁ ቁጠሩ፦ ባለ 1.5 ጥርስ ቢያንስ 8 ዙር፣ ባለ 1.25 ደግሞ 10 ዙር ገደማ መሄድ አለበት። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሰፋ ቸርኬው አበቃለት፤ በብየዳ አታስጠግኑት።

መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል

ቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ (ET) ከሚለው ጋር ያለውን ቁጥር ከድሮው ጋር አስተያዩ፤ ሞዞው ላይ የሚተኛው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሜ እንደራቀ ይናገራል። ወርዱ እኩል ሆኖ ከ30 ወደ 0 ከወረደ ጎማው 30 ሚሜ ወደ ውጭ ወጥቷል። መሪ ይከብዳል፣ ኩሽኔታም ቶሎ ይበላል። ፓራፋንጎ ከመቁረጥ በፊት ለድሮው የሚቀርብ ቁጥር ያለው ቸርኬ ፈልጉ።

የፍሬን ፒንሳ (የፍሬን ሸራውን የሚይዘው ክፍል) ቸርኬውን ይፍቃል

ጎማ ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ቸርኬ አስራችሁ በእጅ አዙሩት። ከነካ አይሆንም።

ሁሉም ልክ ሆኖ ከታሰረ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። አዲስ የተገናኘ ብረት ትንሽ ስለሚቀመጥ የመጀመሪያው ማጥበቅ አይበቃም።