ነጋቲቩ ለምን ሳሳ? ደብረ ብርሃን ላይ ፊልም ለምታጥቡ

ፊልሙ ጭራሽ ባዶ ከወጣ ጠርዙን እዩ። ፋብሪካው ያተማቸው ቁጥሮች ጥርት ካሉ መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም ማለት ነው። ጠርዙም ባዶ ከሆነ ምስሉን የሚያወጣው ዴቨሎፐር ሞቷል፣ ወይ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ቀድሟል። ከዳር እስከ ዳር ከጠቆረ ብርሃን ገብቶበታል። ወተት ከመሰለ ፊክሰሩ ደክሟል፤ በአዲስ መልሱት፣ ይድናል። ከለሩ ከደበዘዘና ጭቃ ከመሰለ ብሊቹ (ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን የሚያስለቅቀው መድኃኒት) ሥራውን አልጨረሰም፤ ብሊችና ፊክሰር ድገሙለት።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው፣ ምስሉ ኖሮ የሳሳ፣ ማለትም የፈዘዘ ፊልም ነው። የጠርዙ ቁጥሮች ደማቅ ሆነው ምስሉ ብቻ ከሳሳ ጥፋቱ የአንሺው ነው። ሁለቱም ከሳሱ የአጣቢው ነው። እዚህ አገር ደግሞ ከጀርባው ብርድ አይጠፋም።

ጥቁርና ነጭ 20 ዲግሪ ይፈልጋል። ትራይ ኤክስ ፊልም ባልቀጠነ ዲ-76 ዴቨሎፐር 6 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ የሚባለው በዚያ ሙቀት ነው። የኅዳር ጠዋት የቧንቧ ውሃ እዚያ አይደርስም። 18 ከሆነ ደቂቃ ጨምሩ፣ ይታረቃል። ከ13 በታች ግን ዴቨሎፐሩ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ይተኛል፤ ብትጠብቁትም አይነሳም። ከለር ጭራሽ እርቅ አያውቅም። ሲ-41 የሚባለው የከለር ዴቨሎፐር 37.8 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ፣ አለቀ። ግማሽ ዲግሪ እንኳ ብዙ ነው። ሙቀቱ ሲዛነፍ ሦስቱ የቀለም ንብርብሮች እኩል አይወጡም፤ ጥላው ወደ አንድ ቀለም፣ ብርሃኑ ወደ ሌላ ይሄዳል።

አንድ ልጅ አንኮበር ላይ ያነሳውን ከለር ይዞ መጣ። ሁሉም ሳስቷል። «ለክቻለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ቴርሞሜትሩን በምን አረጋገጥክ ብለው፣ «የፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው 90 አለ፤ ስለዚህ 10 እየጨመርኩ ነው የማነበው» አይለኝም! እናንተ፣ እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩ እውነቱን ነበር የተናገረው። ልጁ 38 ያለው ዴቨሎፐር 28 ነበር።

በፈላ ውሃ አትፈትሹ። ለከለር ቴርሞሜትራችሁን ከትኩሳት መለኪያ ጋር አመሳክሩ፤ የተሠራውም ለዚያው ሙቀት ነው። የማጠቢያ ቴርሞሜትራችሁ የሚሟሟ በረዶ ውስጥ ዜሮ ካላለ ያን ርካሽ ጣሉት።

ጠርሙሶቹን የሞቀ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙ። የሚለካው ግን የጠርሙሱ ውስጥ ነው፣ ሳፋው አይደለም። ሳፋው አይደለም! ፊልሙ የሚታጠብበትን ታንክም አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ታንክ የዴቨሎፐሩን ሙቀት ይበላዋል። በመጨረሻም ፊልሙን ድንገት በቧንቧ ውሃ አታስደንግጡት፣ ጄላቲኑ ሊሸበሸብ ይችላል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፤ ለጥቁርና ነጭ ሳፋው ውስጥ በረዶ ጨምሩ።

የሳሳ ከለር ፊክሰር ካለፈ በኋላ ዴቨሎፐር ውስጥ መልሳችሁ አትክተቱት፣ የሚያወጣው ነገር የለም። ስካን አድርጉትና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። የአንኮበሩም እንዲያ ነው የተረፈው።